ድመቱ፣ አንድም ፀሐይ



አስቀድሜ አንድ ሥዕል በዓይነ ሕሊናችሁ እንድታዩልኝ እለምናችኋለሁ። ቅርንጫፉ የተንሰራፋ ዛፍ አለ። ከሥሩ ጆሮው ረዘም ያለ ድመት ይታያል። በአንድ እግሩ የትልቅ እባብ ራስ ተጭኗል፤ በሌላው ቢላዋ ይዞ አንገቱን ይቆርጣል። ሥዕሉ የሚገኘው ከሉክሶር ማዶ፣ ከዓባይ በስተ ምዕራብ፣ ደይር ኤል መዲና በሚባለው መንደር ነው። በዚያ መንደር የኖሩት የፈርዖኖቹን መቃብር ሲፈለፍሉና ሲስሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሠራተኞች ናቸው። ድመቱም የተሣለው ኢንሄርካው በተባለ የሠራተኞች አለቃ መቃብር ግድግዳ ላይ ነው። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ይህ ድመት ማን ነው? ዛሬ እፊታችሁ የቆምኩት ይህችን ጥያቄ ይዤ ነው። ትንሽ ጥያቄ ትመስላለች። በእኔ እምነት ግን የጥንት ግብጾች ሃይማኖታዊ ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብ የሚያስተምረን ከዚህ ድመት የተሻለ መምህር የለም።

ሥዕሉ የተወሰደው እኛ ‹የሙታን መጽሐፍ› ከምንለው ድርሳን ነው። ይህን ስም ያወጣለት ጀርመናዊው ሊቅ ሌፕሲየስ ነው፤ በ1842 (ዓመታቱን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እጠራለሁ) አንዱን ቅጂ አሳትሞ ምዕራፎቹን ቁጥር ሰጣቸው። ባለቤቶቹ ግን የሚጠሩት ‹በቀን የመውጫ› መጽሐፍ እያሉ ነበር። ሟቹ ከመቃብር ጨለማ ወጥቶ ብርሃን የሚያይበት ማለት ነው። ‹ሙታን› የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ የለም። መጽሐፉን በስሙ ስንጠራው ገና ከደጃፉ ሌላ ነገር እናያለን፤ መውጣትን፣ ማለዳን።

ድመቱ ያለው በ17ኛው ምዕራፍ ነው። ረጅም ምዕራፍ ነው፤ ጥንታዊም ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 2000 ዓመት ገደማ በሬሳ ሣጥኖች ላይ ይጻፍ ነበር። አካሄዱን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ሟቹ በአምላክ አንደበት አንድ ምሥጢር ይናገራል። ወዲያው ሌላ ድምፅ ጣልቃ ይገባና ‹ይህ ምንድን ነው?› ብሎ ይጠይቃል። መልስ ይሰጣል። መልሱ ሳይደርቅ ግን ሁለት ቃል ይከተላል፤ ሊቃውንቱ ‹ኬይ ጄድ› ብለው ያነቡታል፤ ‹ሌላ አነጋገር› ማለት ነው። ከእሱም ቀጥሎ ሁለተኛ ትርጓሜ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ።

ከመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ጥግ ተቀምጦ የሰማ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። መምህሩ ንባቡን አንብቦ ይተረጉማል፤ ከዚያ ‹አንድም› ይላል፤ ሌላ ይተረጉማል፤ ደግሞ ‹አንድም› ይላል። የኋለኛው ትርጓሜ የፊተኛውን አያባርረውም፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ንባቡን በጋራ ይሸከሙታል። እኔ ‹ኬይ ጄድ›ን ወደ አማርኛ ስመልስ ‹አንድም› የምለው ለዚህ ነው። የእኛ አንድምታ ከዚያ ተቀዳ ማለቴ አይደለም፤ በመካከላቸው የሺህ ዓመታት ገደል አለ፣ የሚያሻግር ማስረጃም አላየሁም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ይህን የአነባበብ ልማድ እኛ በጆሯችን የምናውቀው ሰዎች ነን፤ ለሌላው አንባቢ ግን እንግዳ ነገር ሊሆንበት ይችላል።

እግረ መንገዴን፣ ‹ይህ ምንድን ነው?› የሚለው ጥያቄ በብዙ ጥቅሎች ላይ በቀይ ቀለም ይጻፋል። የብራና መጻሕፍታችንን ያየ ሰው እዚህ ላይ ደስ ሊለው ይችላል። ግን ይጠንቀቅ። የእኛ ጸሐፊዎች ቀዩን ቀለም የሚያስቀምጡት ለእግዚአብሔርና ለቅዱሳን ስም ነው። ግብጻዊው ጸሐፊ ደግሞ በቀይ መስመር መካከል የአምላክ ስም ሲያጋጥመው ብዙ ጊዜ ብዕሩን በጥቁር ቀለም ይነክራል፤ የፀሐይን ጠላት፣ የጨለማውን እባብ የአፔፕን ስም ግን በቀይ ይጽፋል። ቀለሙ አንድ፣ ፍቺው ተቃራኒ። የሚመሳሰል ነገር ሲያጋጥመን ሁለት ጊዜ ማየት አለብን።

ወደ ድመቱ እንመለስ። ቦታው ኦን ነው፤ ግሪኮች ሄልዮፖሊስ ያሏት፣ በኦሪት ዮሴፍ የካህኑን ልጅ ያገባባት የፀሐይ ከተማ። ዛፉ ‹ኢሼድ› የሚባለው ቅዱስ ዛፍ ነው። የምዕራፉ ተርጓሚ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ድመቱ ራሱ የፀሐይ አምላክ ራ ነው የሚል ነው። ማስረጃው የቃል ጨዋታ ነው። በግብጽኛ ድመት ‹ሚው› ነው፤ ‹እንደ›፣ ‹መሰለ› የሚለውም ቃል በድምፅ ይቀርበዋል። ሲያ የተባለው የማስተዋል አምላክ ስለ ራ ሲናገር ሠሪውን ከሥራው ጋር አመሳስሎት ነበርና ስሙ ድመት ሆኖ ቀረ ይለናል። ዘመናዊ አንባቢ እዚህ ላይ ትከሻውን ይነቀንቃል። ኅብረ ቃል ሰምቶ ያደገ ጆሮ ግን ሁለት ነገሮች በአንድ ድምፅ መገናኘታቸውን እንደ ዋዛ አይቆጥረውም፤ ለግብጻዊው ደግሞ ስም የነገሩ አካል ነበርና በስም የተገናኙ ነገሮች በባሕርይም እንደሚገናኙ ያምናል።

አንድም፣ ይላል ምዕራፉ፣ ድመቱ የአየር አምላክ ሹ ነው፤ የምድርን አምላክ የጌብን ርስት ለልጁ ለኦሲሪስ ሲያወርስ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። እባብ የሚያርድ ድመት እንዴት የርስት መዝገብ ጸሐፊ ይሆናል? ምዕራፉ አያብራራም። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፤ በሌሊት ያ እባብ፣ አፔፕ፣ የፀሐይን መርከብ ሊውጥ ሲመጣ ዓለም ይናጋል፤ ንጉሥ ሞቶ ርስቱ ለማን እንደሚገባ ሳይታወቅ ሲቀርም ዓለም ይናጋል። ቢላዋውና የውርስ ሰነዱ የሚያደርጉት አንድ ሥራ ነው፤ ሁለቱም ሥርዓትን ወደ ቦታው ይመልሳሉ። ሥዕሉን በሁለቱም ዓይን ካላየነው ግማሹ ያመልጠናል።

እዚህ ላይ ከራሳችን ባህል አንድ ቁልፍ ትቼ ሌላውን እንደመረጥኩ ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። አማርኛ አንባቢ ስውር ነገር ሲያይ እጁ ቀድሞ የሚዘረጋው ወደ ሰምና ወርቅ ነው። ሰምና ወርቅ ታላቅ ጥበብ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ቁልፉ አይገጥምም። አንጥረኛው ሰሙን ቅርጽ ያስይዘዋል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ወርቁ ይፈስሳል። ወርቁ የሚገኘው ሰሙ ሲሄድ ነው። በግብጽ ምስል ግን የሚቀልጥ ሰም የለም። ድመቱ ራ ከሆነ በኋላም ድመት ነው፤ ጥፍር አለው፣ በእህል ጎተራ የሚርመሰመሰውን እባብ ይገድላል። ጥፍሩን ካነሣንበት አምላክነቱም ይጠፋል።

ለብዙ ዘመን የውጭ ሰዎች ግብጽን የሳቱት በዚሁ በኩል ነው። ሆራፖሎ የተባለ የአምስተኛው መቶ ዘመን ጸሐፊ ሥዕላዊ ፊደላቱን እየዘረዘረ እንደ ምሥጢር ፈታቸው። አሞራ ‹እናት› ማለት ነው አለ፤ ምክንያቱም በአሞራ ዘር ወንድ የለምና። መልሱ ትክክል ነው፣ የአሞራው ምልክት በእርግጥ ‹እናት› በሚለው ቃል ውስጥ ይገባል፤ ምክንያቱ ግን ድምፅ ነው፤ ‹ሙት› ተብሎ ስለሚነበብ። የሆራፖሎ መጽሐፍ በ1419 በአንድሮስ ደሴት ተገኝቶ ወደ ኢጣሊያ መጣና አውሮፓ በሙሉ በእሱ መንገድ ሄደ። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ኢየሱሳዊው ኪርሸር አንዲት አጭር የንጉሥ ስም አይቶ ስለ ፍጥረት ረጅም ፍልስፍና ያነብባት ነበር። ከዚህ እንቅልፍ የቀሰቀሳቸው በ1822 የሥዕላዊ ፊደላቱን ንባብ የፈታው ፈረንሳዊው ሻምፖሊዮን ነው። መሣሪያውም የቅብጥ ቋንቋ ነበር፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳት ስትልክልን የኖረችው የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ቋንቋ፣ የፈርዖኖቹ ልሳን የመጨረሻ ልጅ።

ታዲያ ምስሎቹ የማይቀልጡ ከሆኑ እንዴት አብረው ይቆማሉ? ሰማይ በአንዱ ጽሑፍ ኑት የተባለች ሴት ናት፤ በምድር ላይ አጎንብሳ ማታ ፀሐይን ትውጣለች፣ ጠዋት ትወልዳለች። በሌላው ላም ናት። በሌላው ራ በመርከብ የሚቀዝፍበት ውኃ ነው። ሄንሪ ፍራንክፈርት በ1948 ይህን ሲያጠና ግብጾች ወደ አንድ ነገር በብዙ በር ይገቡ ነበር አለ፤ ኤሪክ ሆርኑንግም በ1971 ‹አንዱና ብዙዎቹ› በተባለው መጽሐፉ ይህ የአስተሳሰብ ጉድለት ሳይሆን የራሱ ሕግ ያለው አስተሳሰብ መሆኑን አሳየ። ሰማይ እጅግ ትልቅ ስለሆነ አንድ ምስል አይበቃውም፤ ላሚቱ የማትነግረንን ሴቲቱ ትነግረናለች።

አስቸጋሪ ምሳሌ ልጨምር። ሳቃራ በሚገኘው በንጉሥ ኡናስ ፒራሚድ ውስጥ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2350 ገደማ የተቀረጸ መዝሙር አለ። በእሱ ውስጥ ሟቹ ንጉሥ አማልክቱን እያደነ፣ እያረደ፣ እየቀቀለ ይበላቸዋል። አንዳንዶች ይህን ሲያነቡ የጥንት ሰው በላነት ትዝታ አሉት። የምስሉን ቋንቋ ከራሱ ከግብጽ ብንጠይቅ ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። በብዙ ዘመን በኋላ በተጻፈው የልዑል ሴትኔ ተረት ውስጥ አንድ ሰው የጥበብ አምላክ የቶትን መጽሐፍ ቃል በፓፒረስ ይገለብጣል፣ በጠላ ይዘፈዝፈዋል፣ በውኃ አሟሙቶ ይጠጣዋል፤ ሲጠጣም በውስጡ ያለውን ሁሉ ያውቃል። መዋጥ ማወቅ ነው፤ ኃይልን የራስ ማድረግ ነው። ኡናስ የሚውጠውም የአማልክቱን ልብና አስማት መሆኑን መዝሙሩ አይደብቅም። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ድስቱን ከሥዕሉ ላውጣው አልልም። ያ ድስት መፍላት አለበት። ቃሉ እንዲያስፈራ ሆኖ ነው የተቀረጸው፤ ያስፈራልም። ለእነሱ የተቀረጸ ምስል ሕያው ነበር፤ በአንዳንድ የመቃብር ክፍሎች የአንበሳ ፊደል ሲቀርጹ ወገቡን ቆርጠው ለሁለት ይከፍሉት ነበር፣ በጨለማ ተነሥቶ ሟቹን እንዳይጎዳው።

አሁን ወደምወደው ተረት ልምጣ፤ መርከቡ ስለ ተሰበረበት ባሕረኛ የተጻፈው። በመካከለኛው መንግሥት ዘመን የተደረሰ ነው። ብቸኛውን ጥቅል በሩሲያ አግኝቶ በ1881 ለሊቃውንት ያሳወቀው ሩሲያዊው ሊቅ ጎለኒሽቼፍ ነው። ርዝመቱ 120 ክንድ በሆነ መርከብ 120 ባሕረኞች ይጓዛሉ፤ ማዕበል ይመጣል፤ አንድ ሰው ብቻ ወደ ደሴት ይተፋል። ሦስት ቀን ከልቡ በቀር ጓደኛ የለውም። ከዚያ ዛፎቹ ይሰበራሉ፣ ምድር ይንቀጠቀጣል፣ 30 ክንድ የሚረዝም እባብ ይመጣል። ጢም አለው። አካሉ በወርቅ የተለበጠ፣ ቅንድቡ የከበረ ሰማያዊ ድንጋይ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ እኔም ተሰምቶኛል። እባብ ሲባል ሔዋንን እናስባለን። የአክሱም አፈ ታሪካችንም አርዌ የሚባል፣ ግብር የሚበላ ዘንዶ ነግሦብን እንደነበረ ይነግረናል። ስለዚህ ባሕረኛው አሁን ተበላ ብለን እንጠብቃለን። እባቡ ግን በአፉ አንሥቶ፣ ጥርሱን ሳያሳርፍበት፣ ወደ ማደሪያው ይወስደዋል፤ አይዞህ ይለዋል፤ ከአራት ወር በኋላ መርከብ መጥቶ ወደ አገርህ ትገባለህ ብሎ ያጽናናዋል።

ግብጻዊው አድማጭ የሰማው ሌላ ነው። የአማልክት ሥጋ ወርቅ፣ ፀጉራቸው ያ ሰማያዊ ድንጋይ መሆኑን ከልጅነቱ ያውቃል። ስለዚህ እባቡ ገና ብቅ ሲል ‹አምላክ መጣ› ይላል። የትኛው አምላክ? ጸሐፊው አይነግረንም፣ ፍንጭ ግን ይዘራል። እባቡ ባሕረኛውን ሲሰናበት ከሄድክ በኋላ ይህችን ደሴት ዳግም አታያትም፣ ውኃ ትሆናለች ይለዋል። በ‹በቀን የመውጫ› መጽሐፍ 175ኛው ምዕራፍ ደግሞ ፈጣሪው አቱም ይህን ዓለም አንድ ቀን እንደሚያፈርሰው፣ ሁሉም ወደ መጀመሪያው ውኃ እንደሚመለስ፣ እሱና ኦሲሪስ ብቻ እንደሚቀሩ ይናገራል፤ እሱም ማንም በማያውቀው እባብ መልክ። ደሴቲቱ ከውኃ የወጣች የፍጥረት ጉብታ ናት፤ እባቡም ከፍጥረት በፊት የነበረውና ከፍጥረት በኋላ የሚኖረው ብቸኛ ነው።

እባቡ ደግሞ የራሱን ታሪክ ያወራል። ከልጆቹና ከወንድሞቹ ጋር ሰባ አምስት እባቦች ሆነው ይኖሩ ነበር፤ በጸሎት ያገኛት አንዲት ትንሽ ልጅም ነበረችው። ኮከብ ወደቀና በእሳት አነደዳቸው። እሱ በዚያች ሰዓት ከእነሱ ጋር አልነበረም፤ ተመልሶ ያገኘው የሬሳ ክምር ነው። ሊቃውንት ሰባ አምስት የሚለውን ቁጥር አይተው ‹የራ ውዳሴ› በተባለው የነገሥታት መቃብር ጽሑፍ ፀሐይ በሰባ አምስት መልክ እንደምትመሰገን አስታወሱ፤ ትንሿም ልጅ የራ ልጅ ማአት፣ የእውነትና የሥርዓት እመቤት ልትሆን እንደምትችል ገመቱ። ብልህ ንባብ ነው፣ እቀበለዋለሁ። ግን አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። እባቡ ፈጣሪው ነው፣ ልጅቱ ማአት ናት ብለን መዝገቡን ስንዘጋ ከፊታችን የተቀመጠው አባት ይጠፋብናል። ልጁን ቀብሮ ብቻውን የቀረ፣ ያም ሆኖ ለማያውቀው እንግዳ ‹ልጆችህን ታቅፋለህ፣ ሚስትህን ትስማለህ› የሚል አባት። ያ ኀዘን የምሥጢሩ ቅርፊት አይደለም። ጸሐፊው ፈጣሪ ብቸኛ ከሆነ ብቸኝነቱ ምን እንደሚመስል ሊነግረን የፈለገ ይመስለኛል፣ ለዚህም ከአባት ኀዘን የቀረበ ነገር አላገኘም። እባቡ ፈጣሪ ነው፤ አንድም አባት ነው።

በዚህ ተረት ውስጥ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገርም አለ። ባሕረኛው በምስጋና ዕጣንና ሽቱ ጭኜ እልክልሃለሁ ሲለው እባቡ ይስቅበታል፤ የፑንት ጌታ እኔ ነኝ፣ ከርቤውም የእኔ ነው ይለዋል። ፑንት ግብጾች ዕጣን፣ ከርቤና ዝንጀሮ ያመጡባት የነበረች አገር ናት። በግብጽ በተገኙ የደረቁ ዝንጀሮዎች አጥንትና ፀጉር ላይ በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ወደ ቀይ ባሕር ደቡብ፣ ወደ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያና ሶማሌ ምድር ያመለክታሉ። ቤታችን ቡና ሲፈላ የምናጨሰው ዕጣን ለእነሱ የአማልክት አገር ሽታ ነበር።

ባሕረኛው ሦስቱን ቀን ከልቡ ጋር አሳለፈ ብያለሁ። ግብጻዊው ልብ ሲል እኛ ልብ ስንል የምንለውን ማለቱ ነው፤ ‹ልብ በል›፣ ‹ልበ ቢስ›፣ ‹ልቡ ያውቀዋል›። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት የግብጽኛው ‹ኢብ› እና የግእዙ ‹ልብ› ከአንድ ጥንታዊ ሥር እንደወጡ ይናገራሉ። ሬሳ ሲያደርቁ አንጎሉን አውጥተው ይጥሉት ነበር፤ ልቡን ግን ይተዉለታል፣ በፍርድ ቀን ይጠየቃልና።

ያ የፍርድ ሥዕል በብሪቲሽ ሙዚየም በሚገኘው፣ አኒ በተባለ ሰው ጥቅል ላይ እጅግ አምሮ ይታያል። አንዱ የሚዛን ጎን ላይ የአኒ ልብ፣ በሌላው ላይ የማአት ላባ። አምላኩ አኑቢስ ሚዛኑን ያያል፣ ቶት ብዕር ይዞ ይጽፋል፤ ከኋላው ፊቷ አዞ፣ ደረቷ አንበሳ፣ ዳሌዋ ጉማሬ የሆነች አሚት ትጠብቃለች። የእኛ ሰው ይህን ሲያይ የሚያስታውሰው በላዔ ሰብእን ነው፤ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላውን፣ በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛን የደፋለትን። ሁለቱን ሚዛኖች ግን ተመልከቱ። በእኛ ታሪክ ሚዛኑ ያጋድላል፤ ጉዳዩ ምሕረት ነውና ትንሿ ውኃ ታላቁን ኃጢአት ታነሣለች። በአኒ ሥዕል የሚዛኑ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የሚፈለገው ልብና እውነት እኩል እንዲሆኑ ነው። ማንም አይማልድም፤ የሚያሰጋው ምስክርም ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን ሰውየው በደረቱ ሲሸከመው የኖረው ነው። በጥንዚዛ ቅርጽ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ሬሳው ደረት ላይ የሚቀመጥ ጸሎት ነበራቸው፤ ሟቹ ልቡን በፍርድ ፊት እንዳይቃወመው የሚለምንበት። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ዳኛን ለማታለል የተቀመጠ ዘዴ ይሉታል። እኔ ስሰማው የሚሰማኝ የሰው ድምፅ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው የራሱን ልብ የሆነ ሰው ድምፅ።

ይህን የአኒን ጥቅል በ1888 ለሙዚየሙ የገዛው እንግሊዛዊው ሊቅ ባጅ ነው፤ ሃያ አራት ሜትር ገደማ የነበረውን ጥቅል በሠላሳ ሰባት ቁራጭ ከፍሎ በፍሬም አስቀመጠው። ይኸው ሰው በ1929 ልፋፈ ጽድቃችንን በእንግሊዝኛ ሲያሳትም ‹የኢትዮጵያ የሙታን መጽሐፍ› አለው። ያየው መመሳሰል አለ፤ ሁለቱም ከሟች ጋር ይቀበራሉ፣ ሁለቱም ስም ማወቅን ኃይል ያደርጋሉ። ሌፕሲየስ በሰጠው ባዕድ ስም ሌላ መጽሐፍ መጥራት ግን የሁለቱንም ድምፅ ያፍናል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። እንዲህ ያሉ ጥቅሎች ብዙዎቹ ለአንድ ሰው ታዘው የተሠሩ አልነበሩም። ጸሐፊዎቹ ጽሑፉንና ሥዕሉን አስቀድመው ያዘጋጁና የስሙን ቦታ ባዶ ይተዉታል፤ ገዢ ሲመጣ ስሙ ይሞላል። በአኒም ጥቅል ውስጥ ስሙ በሌላ እጅ የገባባቸው ቦታዎች አሉ። በዚያ ባዶ ቦታ ፊት ለፊት የሚቀመጠውን ሠዓሊ አስባለሁ። የማን ልብ እንደሆነ ሳያውቅ ልቡን በሚዛን ላይ ያኖረዋል፤ ላባውን ይሥላል፤ አሚትን አፏን እንደ ከፈተች ያስቀምጣታል። ከዚያ እስትንፋሱን ይዞ ዘንጉን፣ ቀጥ አድርጎ፣ ያሠምራል።

ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።